ራግቢ አትበሉት፤ ስለ ፉቲና ስለ ቶም ዊልስ

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

የአውስትራሊያ ፉትቦል በአማርኛ ሲጻፍ አንዴ «ራግቢ»፣ አንዴ «የአውስትራሊያ ራግቢ»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «በእጅ የሚጫወቱት እግር ኳስ» ይባላል። ሜልበርን የሚያድጉት ልጆቻችን ግን ፉቲ ነው የሚሉት። ስሙ ላይ ሙግት የምገጥመው ለቃላት ብዬ ብቻ አይደለም። ፉቲ ራግቢ እንዳይሆን ታስቦበት የተሠራ ጨዋታ ነው፤ ይህም በቀንና በወረቀት የሚታይ ነገር ነው። የነገሩ መነሻ ቶማስ ዌንትወርዝ ዊልስ ስለሆነ የእሱን ታሪክ ይዤ እሄዳለሁ። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልስ ኦገስት 19 ቀን 1835 ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ተወለደ። አያቱ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ወደዚያ ከተጋዙት እስረኞች አንዱ ነበሩ፤ አባቱ ሆራሺዮ ግን ከበግ እርባታ ሀብት ያፈራ ሰው ሆነ። ቶም ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ የዛሬዋ ቪክቶሪያ ምዕራብ ውስጥ፣ ከአራራት ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሰፈረ። አገሩ ጃብ ዉሩንግ የተባለው ነባር ሕዝብ ርስት ነበር። ልጁ ከእነሱ ልጆች ጋር እየተጫወተ አደገ፤ ቋንቋቸውን ተናገረ፣ ዘፈናቸውንም አወቀ። በ14 ዓመቱ አባቱ እንግሊዝ አገር ላከው፤ የተላከውም ራግቢ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ነው። አዎ፣ ጨዋታው ስሙን ወዳገኘበት ትምህርት ቤት። እዚያ የክሪኬት ቡድኑ አምበል እስከ መሆን ደረሰ፣ በእግር ኳሱም ስም አወጣ። በዲሴምበር 1856 ወርቅ ወዳጥለቀለቃት ሜልበርን ሲመለስ በቅኝ ግዛቱ ውስጥ የሚስተካከለው የክሪኬት ተጫዋች ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ ፉቲ የተነሣው ለጋዜጣ አዘጋጅ ከተጻፈ ደብዳቤ ነውና። አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 10 ቀን 1858፣ «ቤልስ ላይፍ ኢን ቪክቶሪያ» የተባለው የሜልበርን የስፖርት ጋዜጣ የዊልስን ደብዳቤ አወጣ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ክሪኬት የበጋ ጨዋታ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተጫዋቹ እጅና እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ እንዲህ ከምንተሳሰር የእግር ኳስ ክለብ ለምን አናቋቁምም፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ኮሚቴስ ሕግ ለምን አያወጣም? ክለቡ ካልሆነም የጠመንጃ ተኩስ ክለብ ይቋቋም ይላል። ሁለት ማሳመኛ አክሎበታል፤ ሣሩ በክረምት ቢረገጥ መሬቱ ይጠነክራል፣ መወፈር የሚያምራቸውም ሰዎች ከትርፍ ሥጋ ይድናሉ። ሁለተኛው ሳያስቃቸው አልቀረም። የመጀመሪያውን ግን የክሪኬት ሜዳው ባለቤቶች አልተቀበሉትም። ሣራችን ይበላሻል ብለው ኳሱን ከአጥር ውጪ ስላስቀሩት ጨዋታው ለዓመታት የተካሄደው ባሕር ዛፍ በበቀለበት ክፍት መናፈሻ ላይ ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ተጋጣሚውንም ግንዱንም ማምለጥ ነበረበት።

ደብዳቤው በወጣ በወሩ፣ ኦገስት 7 ቀን፣ ስኮች ኮሌጅና ሜልበርን ግራመር የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ዛሬ ያራ ፓርክ በሚባለው ስፍራ ተጋጠሙ። በየወገኑ 40 ተጫዋች ተሰለፈ። ዳኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ዊልስ፣ ሌላው የስኮች ኮሌጁ የኬሚስትሪ መምህር ጆን ማካዳም። የማካዳሚያ ለውዝ ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ሰው ነው። የገና ጨዋታን በገጠር ያየ ሰው ሁኔታውን መገመት አያቅተውም፤ ሜዳው ረጅም፣ ወሰኑ ልቅ፣ ግርግሩ ብዙ። ያን ቀን አንድ አንድ ግብ ገባና መሸ። አሸናፊ ለመለየት ኦገስት 21 እና ሴፕቴምበር 4 እንደገና ወጡ፤ በሁለቱም ቀን ግብ ስላልተገኘ በአቻ ተለያዩ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይጋጠማሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያበቁትና «ዊልስ ፉቲን ፈጠረ» ይላሉ። እኔ ግን ዋናው ነገር በሚቀጥለው ዓመት የመጣ ይመስለኛል። ሜይ 17 ቀን 1859 ጄሪ ብራያንት የተባለ የክሪኬት ሰው በሚያስተዳድረው ፓሬድ ሆቴል ውስጥ ጥቂት የሜልበርን እግር ኳስ ክለብ ሰዎች ተቀምጠው አሥር ሕግ ጻፉ። ከዊልስ ጋር የሚጠቀሱት ዊልያም ሐመርስሊና ጄምስ ቶምፕሰን ሁለቱም ካምብሪጅ የተማሩ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ቶማስ ስሚዝ ደግሞ ከደብሊን የመጣ አየርላንዳዊ መምህር። ፊታቸው ላይ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሕጎች ነበሩ፤ የራግቢ፣ የኢተን፣ የሀሮና የዊንቸስተር። ዊልስ ያደገበትን የራግቢን ደንብ ቢወድም ጓደኞቹ ውስብስብ ነው አሉት። በግቡ ቋሚዎች ላይ አግዳሚ እንዲኖር የነበረው ፍላጎትም ተቀባይነት አላገኘም። ፉቲን ከራግቢ ጋር ለሚቀላቅል ሰው መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከራግቢ ትምህርት ቤት የወጣው ሰውዬ ራሱ በራግቢ ጉዳይ ተሸንፏል።

አሥሩ ሕጎች አንድ ገጽ አይሞሉም፤ የያዙት ግን ብዙ ነው። የግቦቹን ርቀት የሚወስኑት ሁለቱ አምበሎች ተነጋግረው ነው። ጎን የሚመረጠው በዕጣ ሲሆን ጨዋታው ከመሐል ይጀመራል። የሜዳው ስፋት ከ200 ያርድ፣ ማለትም ከ183 ሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። ከግቡ ቋሚዎች ግራና ቀኝ በ20 ያርድ ርቀት ሌላ ሁለት ቋሚ ይተከላል። ኳስ ግብ የሚሆነው ቋሚውንም ሆነ የማንንም ሰው አካል ሳይነካ በመሐል ተለግቶ ሲያልፍ ነው። ዛሬ ኳሱ ቋሚውን ገጭቶ ገባ ተብሎ ለግብ የሚሰጠው ስድስት ነጥብ ሲከለከል የሚናደድ ደጋፊ ንዴቱን የሚወጣው በ1859 ኮሚቴ ላይ ነው።

ስድስተኛው ሕግ የጨዋታው ነፍስ ነው ብል አላጋነንኩም። ከእግር የተለጋ ኳስ መሬት ሳይነካ የያዘ ተጫዋች «ማርክ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያኔ ነፃ ምት ያገኛል፣ ተጋጣሚው ከተያዘበት ቦታ አልፎ ሊጠጋው አይችልም። ዛሬ ተጫዋች በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ኳስ ከአየር ሲቀልብ የሚታየው ትርኢት ሁሉ የዚህች አንዲት አንቀጽ ልጅ ነው። ሰባተኛው ጠልፎ መጣልንና መገፍተርን ይፈቅዳል፤ ይህም ሰውየው በፍጥነት ላይ ከሆነ ወይም ኳሱን ከያዘ ነው። ቅልጥም በጫማ መምታት ግን የተከለከለ ነው። ራግቢ ትምህርት ቤት ውስጥ ያ እንደ ወንድነት ይቆጠር ነበር። ሜልበርን ላይ ግን የሚጫወቱት ሰኞ ሥራ የሚገቡ ጎልማሶች ናቸው፤ መሬቱም እንደ እንግሊዝ ለስላሳ ጭቃ ሳይሆን ደረቅና ጠንካራ ነው። ጠልፎ መጣሉም ብዙ አልቆየም፣ በዚያው ዓመት ተከለከለ። ስምንተኛው ኳስ በእጅ የሚያዘው ከእግር የተለጋ ሲቀለብ ወይም ሲነጥር ብቻ ነው ይላል፤ ከመሬት ማንሣት ክልክል ነው። ዘጠነኛው ከመስመር የወጣ ኳስ ወደ ወጣበት ቦታ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ወደ ሜዳ ይወርወር ይላል። አሥረኛው በጨዋታ መሐል ኳስ መወርወርን ፈጽሞ ይከለክላል። ለዚህ ነው ዛሬም የፉቲ ተጫዋች ኳስ በእጁ ሲያቀብል አንዱ መዳፍ ላይ አስቀምጦ በሌላው ጡጫ የሚመታው። ቢወረውር ዳኛው ያፏጫል።

ከአሥሩ ውስጥ የሌለውንም ልብ በሉ፤ ኦፍሳይድ የለም። ራግቢ ላይ ከኳሱ ፊት የቆመ የራስህ ወገን ከጨዋታ ውጪ ነው፤ ፉቲ ላይ ግን የትም መቆም ይችላል። ዊልስ በተጫዋችነቱ ከሌሎቹ የተሻለው ይህን ክፍተት ቀድሞ በማየቱ ነው። በዚያ ዘመን ልማዱ ሁሉም ተጫዋች ኳሱ ባለበት መከማቸት ነበር፤ ኳሱም በእግር ጫካ መሐል ለደቂቃዎች ይጠፋ ነበር። በ1860 ዊልስ በወቅቱ ሪችመንድ የተባለውን ክለብ (ስሙን ብቻ ከሚጋራው ከዛሬው ጋር አይምታታ) እየመራ ሰዎቹን ከኋላ እስከ ተጋጣሚ ግብ ድረስ በየርቀቱ አቆማቸው። ኳሱ ከግርግሩ ሲወጣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተለጋ ማንም ወደሌለበት ባዶ ሜዳ ይደርስ ጀመር። ዛሬ ለማንም አሠልጣኝ ተራ ነገር ነው፤ ያኔ ግን ማንም ያላሰበው ዘዴ ነበር። የእንቁላል ቅርጽ ያለው ኳስ እንዲለመድም የገፋፋው እሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በብዛት የሚጫወቱት በድቡልቡሉ ነበር። ሞላላው ሲለጋ አየሩን ስለሚሰነጥቅ ይርቃል፤ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። በ1860ዎቹ አጋማሽ ሞላላው አሸነፈ።

ሕጉ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው፤ ነጥሮ የመጣ ኳስ የያዘ ሰው ምን ያህል መሮጥ እንደሚችል አይናገርም። ፈጣን ሯጮች ኳሱን አቅፈው ሸመጠጡ፤ ሌሎቹ «ይህማ ራግቢ ነው» ብለው ጮኹ። ነገሩ የተቋጨው በሜይ 1866 ነው፤ የዊልስ የአክስት ልጅና የእህቱ ባል የሆነው ሄንሪ ሐሪሰን በመራው ስብሰባ ላይ፣ ሯጭ በየአምስትና ስድስት ያርዱ ኳሱን መሬት ላይ ያንጥር ተባለ። ዛሬ ርቀቱ 15 ሜትር ደርሷል። ሞላላ ኳስ እያነጠሩ መሮጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ኳሱ የታችኛው ጫፉ ወደ ፊት፣ የላይኛው ወደ ሰውነት አዘንብሎ፣ ከሯጩ ራቅ ብሎ መመታት አለበት፤ ያኔ ተገልብጦ ወደ እጅ ይመለሳል። በሆዱ ከወደቀ መሬት ለመሬት ይንሸራተታል። ጫፉ በተቃራኒው ካዘነበለ ወደ ፊት ፈትልኮ ይጠፋል። ከእግር በጣም ቀርቦ ከተመታ ደግሞ የራስ ጉልበት ገጭቶት ለተጋጣሚ ይደርሳል። እርጥብ ሣር ላይ ልምድ ያለው ተጫዋች ባያነጥረው ይመርጣል፤ ጎንበስ ብሎ ኳሱን መሬት ማስነካቱ በሕግ ይበቃዋል።

የዊልስ ሥራ በ1861 ተቋረጠ። አባቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር በግ እየነዳ ወደ መካከለኛው ኩዊንስላንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ፤ የሰፈሩበት ቦታ ካሊን ላ ሪንጎ ይባላል። ኦክቶበር 17 ቀን የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሰፈሩ ላይ ጥቃት አድርሶ አባቱን ጨምሮ 19 ሰዎችን ገደለ። ቶም ዕቃ ሊያመጣ ርቆ ሄዶ ስለነበር ተረፈ። ከዚያ በኋላ ሰፋሪዎቹና የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ በወሰዱት የበቀል እርምጃ ከሟቾቹ እጅግ የሚበዙ ነባር ሰዎች ተገድለዋል። በ2021 ከወደ አሜሪካ አንድ የ1895 የጋዜጣ ጽሑፍ ተገኘ፤ ዊልስ ራሱ በበቀሉ ተካፍያለሁ ብሎ ነግሮኛል የሚል ነው። የጻፈው ሰው ስሙን አልገለጸም፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይከራከሩበታል። የሚያከብረውም የሚከሰውም ወገን ጽሑፉን ሳይመዝን ባይጠቅሰው ደግ ነው።

የሚገርመው ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው ነው። ይኸው ሰው በ1866 መጨረሻ ከምዕራብ ቪክቶሪያ የተሰባሰበ የነባር ሕዝብ የክሪኬት ቡድን አሠልጣኝና አምበል ሆነ። በገና ማግስት በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ሲጋጠሙ ከ10,000 በላይ ተመልካች ወጣ። ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ጆኒ ሙላህ ከዚህ ቡድን ነው። መቅደላ በወደቀችበት ዓመት፣ በ1868፣ ከእነሱ አብዛኞቹ የተካተቱበት ቡድን እንግሊዝን ዞረ፤ ዊልስ ግን አልተወሰደም፣ የመራው ቻርልስ ሎረንስ ነው።

እዚህ ላይ የማርን ግሩክ ክርክር ይነሣል። በምዕራብ ቪክቶሪያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ፖሰም ከተባለ የዱር እንስሳ ቆዳ የተሠራ ኳስ ወደ ላይ እየተለጋ በዝላይ የሚቀለብበት፣ ማርን ግሩክ የሚባል ጨዋታ ነበር። ዊልስ በልጅነቱ አይቶት ከዚያ ወስዶ ይሆን? በሆቴሉ ስብሰባ የተገኘው ወረቀት የሚያሳየው የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችን ዱካ ነው፤ ዊልስም ስለ ማርን ግሩክ የጻፈው መስመር አልተገኘም። ስለዚህ «ከነባሮቹ ቀዳ» ብሎ እንደ ተረጋገጠ ነገር ማተም ስሕተት ነው። ግን ቋንቋቸውን የሚናገርና አብሯቸው ያደገ ልጅ ጨዋታቸውን በዓይኑ አላየም ብሎ መማልም ያው ስሕተት ነው። እንደ እኔ ጋዜጣ ሁለቱንም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ቢያልፍ ይበቃዋል።

ከ1864 በኋላ ዊልስ በአብዛኛው ለጂሎንግ ክለብ ተሰለፈ። እስከ 1876 ድረስ ከ200 በላይ ግጥሚያ ተጫውቷል፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ሰው ይህ ከባድ ቁጥር ነው። በክሪኬቱ መጨረሻው አላማረም። አወራወሩ ክንዱን እያጠፈ ነው የሚል ሐሜት ለዓመታት ተከትሎት በ1872 ዳኛው ኳሱን ውድቅ አደረገበት። መጠጡ ጠናበት፣ ገንዘቡም አለቀ። በሜይ 1880 መጠጥ ባመጣበት የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ አምልጦ ወጣ፤ በማግስቱ ሃይደልበርግ በሚገኘው ቤቱ ራሱን አጠፋ። ዕድሜው 44 ነበር። መቃብሩ መቶ ዓመት ያለ ምልክት ቆይቶ በ1980 ነው ሐውልት የተተከለበት። ሐሪሰን ግን እስከ 1929 ኖረ፤ ትዝታውንም አሳተመ፣ «የጨዋታው አባት» ተባለ። ረጅም የኖረው አወጋ፣ ስለሌላው የሚናገርለት ጠፋ። ከ2001 ጀምሮ ከሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ውጪ የቆመው ሐውልት ዊልስን የሚያሳየው ያንን የ1858 የተማሪዎች ግጥሚያ ሲዳኝ ነው። ሣራችን ይበላሻል ተብሎ ኳስ በተከለከለበት አጥር አጠገብ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ፉትስክሬይ ውስጥ እንጀራ ቤቶቻችን ባሉበት ሰፈር የዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ ሜዳ አለ፤ ስለ ጨዋታው የሚያነብላችሁ ሰው ብዙ ነው። «የአውስትራሊያ ፉትቦል» ወይም «ፉቲ» ብትሉት ያውቀዋል። ተጫዋቾቹ በየወገኑ 18 ናቸው እንጂ እንደ ራግቢ 15 ወይም 13 አይደሉም። ውጤቱንም በሙሉ አትሙ። ለምሳሌ 10.8 (68) ማለት 10 ግብና 8 ቢሃይንድ ነው፤ ግብ ስድስት ነጥብ፣ ቢሃይንድ ደግሞ በግቡ ቋሚና ከጎኑ ባለው ቋሚ መሐል ያለፈ ወይም ቋሚ የገጨ ኳስ ሲሆን አንድ ነጥብ ነው። ይህ አቆጣጠር የመጣው በ1897 ነው፤ በዊልስ ዘመን የሚቆጠረው ግብ ብቻ ነበር። ነጥቡን ትታችሁ «10 ለ 9 አሸነፈ» ብላችሁ ካተማችሁ የተሸነፈውን ቡድን አሸናፊ የማድረግ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። 10.2 ያለው ቡድን 62 ነጥብ አለው፣ 9.12 ያለው ደግሞ 66።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፉቲ ተከታታይ
ፉትስክሬይ፣ ሜልበርን